በ28 ዓመቴ ብስክሌት ተማርኩ… አስተማሪዬ አባቴ!

«ይሄን የሚያህል ሰው ብስክሌት መንዳት አይችልም?» ብሎ የሚስቅብኝ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አጥቼ አላውቅም። ለሳቂዎቼ ሁሉ አንዲት የተዘጋጀች መልስ ነበረችኝ። «ያደግኩት አረካ ነው፤ አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ የት ልነዳ?» እላለሁ።

ውሸቴን ነው ጎበዝ! ቤታችን ውስጥ ብስክሌት ነበረ። ያውም ጥቁር ፎኒክስ! ጎማው ትልቅ፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሠራ፣ ማርሽ የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ደወሉ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ የሚሰማ። አባቴ መምህር ስለነበር በየማለዳው ወደ ገጠር ትምህርት ቤቱ የሚሄደው በእሱ ነው። ወንድሜ ገና በዘጠኝ ዓመቱ፣ ኮርቻው ላይ መድረስ ሲያቅተው በአግዳሚው ብረት ሥር እግሩን አሹልኮ እየነዳ ሰፈሩን ያካልል ነበር። ለእኔ የተፈቀደልኝ ማጠብ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቸርኬውን በእርጥብ ጨርቅ ማሸት፣ ካቴናውን ዘይት መቀባት፣ ከዚያ ቆሞ ማየት።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ አባቴ የእሁድ እንቅልፉን ሲተኛ ሰርቄ አወጣሁት። ሃያ ሜትር እንኳ አልሄድኩም። የጎረቤት እንሰት ውስጥ ተከተትኩላችሁ! ጉልበቴ ተላጠ፣ ፔዳሉ ተጣመመ፣ ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። አባቴ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በቆመበት «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ብስክሌት ላይ ከወጣች ነገ ማን ያገባታል?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌቱ በሰንሰለት ታስሮ ማደር ጀመረ። እሱ ያቺን ንግግሩን የረሳት ይመስለኝ ነበር። እኔ አልረሳኋትም።

ታዲያ አሁን ይህን ሁሉ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። ያመጣው የወንድሜ ስልክ ነው። «ነይና አባባን አንድ በዪው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከወንበሩ አልነሳ ብሏል» አለኝ። አባቴ ስኳር አለበት። ሐኪም ቤት «ይንቀሳቀሱ» ብለውታል። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ጠዋት የሚሄድበት ቦታ የነበረው ሰው ነው፤ «ለጤና ብለህ ዝም ብለህ ተመላለስ» ሲሉት ንቀት ይመስለዋል። «የት ደርሼ ልመለስ?» ይላል። እውነቱን ነው እኮ! መድረሻ የሌለው መንገድ ማን ይወዳል?

የግፋታና የመስቀል ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ውስጥ ሄድኩ። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አረካን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሶዶ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ አየሩ አይከብድም። አስፋልቱን ባጃጅና ሞተር ሳይክል ተከፋፍለውታል። ከአስፋልቱ ትንሽ ወጣ ስትሉ ግን ሌላ አገር ነው። ቀይ አፈር፣ በየቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡና፣ ቦይና፣ ስኳር ድንች። ከተማዋ የእርሻ ምርምር ማዕከልም አላት፤ እንሰትን በማጥናት የሚታወቅ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥ በሶዶ በኩል የዳሞት ተራራ ብቅ ይላል። ልጅ ሳለሁ ይሄ ሁሉ ቆንጆ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ ከነወንበሩ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቷል። ሬዲዮው ጭኑ ላይ ነው። «ብስክሌቱስ?» አልኩት። «ጓዳ ነው፤ ማን ይነካዋል» አለኝ። እውነትም ጎማው ረግቦ፣ አቧራ ለብሶ ግድግዳ ተደግፏል። ሰንሰለቱ እንኳ አሁንም ከጎኑ ተንጠልጥሏል!

አባቴን «ና እንንዳ» ብዬ ብለው እንደማይነሳ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በሚወደው በኩል መጣሁበት። ጂኦግራፊ ያስተምር ነበርና ያነበብኩትን ወሬ አወራሁለት። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሥራ ያቆመ የባቡር ሐዲድ ሲኖር ብረቱን ነቅለው መንገዱን ለብስክሌትና ለእግረኛ ያደርጉታል። ዊስኮንሲን በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ ያለው እንዲህ ዓይነት መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሰው ሲነዳበት ኖሯል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሦስት ዋሻዎች ውስጥም ያልፋል። ስፔኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራውን ጀምረው «አረንጓዴ መንገዶች» ይሏቸዋል። አባትና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ ጀማሪ ሁሉ ይሄድበታል።

አባቴ ሬዲዮውን ዘጋ! «ይገባኛል» አለ። «ባቡር ዳገት አይወድም። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት፣ መቶ ሜትር ሲሄድ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ካለ ለእሱ ብዙ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ዳገቱን ይዞሩታል፣ ይቆርጡታል፣ ይሞሉታል። አንድ ጊዜ ለባቡር የተደለደለ መንገድ ለሽማግሌ ጉልበት ይመቻል።» ከዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ያህል ቀጠለ። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ስለገባው ባቡር፣ በወጣትነቱ ለገሀር ቆሞ ስላየው ፉርጎ… በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ ሐዲድ ተመርቋል፤ አሮጌው መስመር ግን ብዙ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል። (እኔን ብትጠይቁኝ ከዚያ ውስጥ አንድ ሃያ ኪሎ ሜትሩን ለብስክሌት ቢሰጡን የሚከፋው ሰው አይኖርም።)

«እዚህ ግን ባቡር መጥቶ አያውቅም» አልኩት።

«መጥቶ ቢሆን ኖሮ በየት ያልፍ ነበር?» አለና ከአንድ አሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ መሣል ጀመረ። ያን ጊዜ ከወንበሩ እንደሚነሳ ገባኝ።

የመንገድ ምርጫውን ልንገራችሁ፤ የትም አገር ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። እንደ ወላይታ ያለ ኮረብታማ አገር ላይ ከወንዝ ወደ ወንዝ የሚያቋርጥ መንገድ ጀማሪን ይገድላል። ይወርዳል፣ ድልድይ ይሻገራል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። በጉብታው ጀርባ ላይ፣ ሁለት ወንዞችን ግራና ቀኝ ትቶ የሚሄደው ግን ረጋ ያለ ነው። አባቴ እንዲህ ዓይነት አንድ መንገድ ያውቅ ነበር፤ የድሮ ትምህርት ቤቱ መንገድ! ከአስፋልቱ ተገንጥሎ አራት ኪሎ ሜትር ያህል በቀይ አፈር ይሄዳል። ወንድሜ «ለምን አጆራ ፏፏቴን አታሳያትም?» ብሎ ነበር። አጃጮና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን የሚወረወሩበት፣ አይቶ የማይጠገብ ቦታ ነው። አባቴ ግን «እሱ በመኪና ነው፤ ገደል ለጀማሪ አይሆንም» ብሎ ዘጋው። ልክ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። እኔ መንዳት አልችልማ! አባቴ ፎኒክሱን ጎሚስታ ጋ ወስዶ ሁለት አዲስ ካላማዳሪ አስገባበት። ለእኔ ከሳይክል አከራይ ልጅ ባለ ማርሽ ብስክሌት ተከራየን። የመጀመሪያው ጠዋት አባቴ ኮርቻዬን ከኋላ ይዞ መሮጥ ጀመረ። በ66 ዓመቱ! እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ያለከልካል፣ ሕፃናት ከኋላችን ይንጋጋሉ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። አራተኛው ላይ አከራዩ ልጅ፣ ገና አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው፣ አላስችል ብሎት መጣ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንዲህ አይደለም» አለ።

መምህር በተማሪው ሲታረም ማየት ለእኔ ደስታ ነበር፤ አልዋሽም።

የልጁ ዘዴ ይሄ ነው። መጀመሪያ ሁለቱም እግሮች መሬት ሙሉ በሙሉ እስኪረግጡ ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ። ከዚያ ፔዳሎቹን በባለ 15 ቁልፍ ፈትቶ ማውጣት። (የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው ዞሮ ነው፤ ይህን ያላወቀ ጥርሱን ያበላሻል።) ከዚያ በጣም ለስላሳ ቁልቁለት ላይ እግርን እያነሱ መንሸራተት። ዓይን ከጎማው ላይ ተነስቶ አሥር ሜትር ፊት ለፊት ያያል። ሚዛን ሲመጣ፣ እመኑኝ ይመጣል፣ ፔዳሉን መመለስ። እኔ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኮርቻው ከፍ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያለዚያ ጉልበት ያማል። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ብቻ የያዘ በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወረወራል። የኋላውን ቀድማችሁ በቀስታ፣ ከዚያ ሁለቱንም። ሱሪ ደግሞ በካልሲ ውስጥ ይገባል፤ አባቴ ይህን ዕድሜ ልኩን ሲያደርግ ልጅ ሆኜ ፋራነት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ካቴናው እንዳይበላው ነው!

በአራተኛው ቀን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ገበያ ከሆነ መንገዱ ለከብቱና ለተሸካሚው ነው። ዝናብ ያደረ ከሆነም አትሞክሩት። ያ ቀይ አፈር ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ብስክሌቱን ያቆመዋል። እሱ ከፊት በፎኒክሱ፣ እኔ ከኋላው እየተንቀጠቀጥኩ። ሲኮር የጀርባውን ሸሚዝ ነፋስ ይነፋዋል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ «ሳሮ!» እያለ ያስቆመዋል። እሱ ያስተማራቸው ልጆች የልጅ አባት ሆነዋል። አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት ቆም ብለው አዩኝና በወላይትኛ «ልጅህ ናት?» አሉት። ልቤ ቀጥ አለ። አሁን ምን ሊል ይሆን?

«ልጄ ናት፤ እያስተማርኳት ነው» አለ። በቃ። ፔዳሉን ረግጦ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ጋ ደርሰን ስንመለስ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አባቴ ቆመ። ወረደ። ብስክሌቱን አጥር ላይ አስደግፎ መሬት ተቀመጠ። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል፤ ፀሐዩ እኮ ገና አልጠነከረም! እጁ ይንቀጠቀጣል። «ምን ሆንክ አባባ?» ስለው የማይገናኝ መልስ ይሰጠኛል። «ቁርስ በልተሃል?» አልኩት። ለካ የስኳር ኪኒኑን በባዶ ሆዱ ውጦ፣ «ስንመለስ እበላለሁ» ብሎ ነው የወጣው!

ሱቅ መኖሩን ሳልፍ አይቻለሁ። ሮጥኩ። ሮጥኩ ነው የምላችሁ! ሕፃናት እየጠሩኝ፣ ነጠላ ጫማዬ እየወለቀ፣ ብስክሌቱን በእጄ እየገፋሁ ሮጥኩ! ለስላሳ ገዝቼ ብስክሌቱን እየጎተትኩ ሮጬ ተመለስኩ። ግማሽ ጠርሙሱን አጠጣሁት። አጠገባችን የነበሩ ልጆች ሸንኮራ ሰጡን። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን ላቡ ደረቀ፣ ዓይኑ ጠራ፣ እኔን አየ፣ ብስክሌቱን አየ።

«ምነው ይዘሽው ሮጥሽ?» አለኝ። «ብትነጂው አይፈጥንም ነበር?»

ተያየን። ሳቅን። እኔ ሳቁ መሀል አለቀስኩ፤ ደንግጬ ነበር።

እናትና አባታችሁ ስኳር ያለባቸው አንባቢዎች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እንቅስቃሴ ጥሩ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ግን ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ምልክቱ ነው። ሰውዬው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር ያለበት ነገር ይሰጠዋል፦ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲሻለው ምግብ ይበላል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይጨመርም፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ነው። ከመውጣት በፊት ደግሞ ሐኪሙን «ብስክሌት ልንዳ፤ መድኃኒቴን እንዴት ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ። እኛ ይህን ሁሉ ያደረግነው ከድንጋጤው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የአባቴ ኪስ ያለ ከረሜላ አይወጣም፤ ቁርሱንም ቦይና በልቶ፣ እኔ አይቼው ነው የምንነሳው።

የዚያን ዕለት ግን ቶሎ አልተነሳንም። ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሸንኮራ እያኘክን ሳለ አባቴ መሬት መሬቱን እያየ «ያን ጊዜ ጉልበትሽ ጠባሳ ቀርቶብሻል?» አለኝ።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ረስቶታል ስል ኖሬ!

«ቀርቷል» አልኩት። ሱሪዬን ሰብስቤ አሳየሁት። አየው። ጥቂት ዝም አለና «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አለ። ይቅርታ አላለም። በእሱ ዕድሜ ያለ አባት ይቅርታ ሲል እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ እናንተ ሰምታችሁ ከሆነ ታድላችኋል። ተነሳ፣ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ፣ የእኔን ኮርቻ ፈታና ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረገልኝ። «አሁን ጀማሪ አይደለሽም፤ እግርሽ ይዘርጋ» አለ።

አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ፤ ስምንቱን ነዳን። አንድ ቀን ዘነበ፣ አንድ ቀን ተኳረፍን (ቁልቁለት ላይ ቀደምኩት፤ አልወደደውም)፣ አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶ እየገፋን ገባን። አብሮ መንዳት ጥሩነቱ ፊት ለፊት አለመተያየታችሁ ነው። ቤት ውስጥ ቡና ላይ ሊወራ የማይችል ነገር፣ ሁለታችሁም መንገዱን እያያችሁ ሳለ ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለ ጡረታው ያወራኝ እንደዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣልኝ ሲቀር ሌሊት ተነስቶ ይቀመጥ እንደነበረም የነገረኝ እዚያው መንገድ ላይ ነው። እኔ ያኔ የተናደደብኝ መስሎኝ ሁለት ዓመት አልደወልኩለትም ነበር።

አዲስ አበባ ሆናችሁ «እኔ የት ልማር?» የምትሉ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ ጎዳና ለመኪና የሚዘጋበት እሁድ ሲኖርም ወላጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ዘመድ ያላችሁማ ሜዳው የእናንተ ነው። ወላጃችሁን ግን «ለጤናህ ነው» ብላችሁ አትጎትቱ። መድረሻ ስጡት። ወይም እንዲያስተምራችሁ ለምኑት።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። «አባባ አብዷል» አለኝ። ምን ሆነ ስለው፣ የጎረቤታችንን የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ፎኒክሱ ላይ ሊያወጣት ሲታገል እንደዋለ ነገረኝ። ብስክሌቱ ስለሚበልጣት በአግዳሚው ብረት ሥር እግሯን እያሾለከላት! እናትየው ደጃፍ ቆመው ያያሉ አሉ፤ አልተናገሩም።

ስልኩን ለአባቴ ስጠኝ አልኩት። «እውነት ነው?» ብለው፣ «እሷ ናት ያስቸገረችኝ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ያ ልጅ ፔዳሉን የፈታበት ቁልፍ ባለ ስንት ነበር ያልሽኝ?» አለኝ።